ማዕበልና ቤት፤ የውሃ ዳር ቤቶችን ጽናት አስቀድሞ ስለ መመርመር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ በድባጤ፥ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)





 ለንግግራችን የመረጥነው ጉዳይ ለድባጤ ሰው ጆሮ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ይኸውም ታላቅ የባሕር ማዕበል በተነሣ ጊዜ ከውሃ ዳር ቤቶች የትኛው እንደሚጸና የትኛው እንደሚወድቅ አስቀድሞ በምን እንደሚታወቅ ነው። ከመካከላችሁ «ባሕር በሌለበት አገር ስለ ባሕር ማዕበል መናገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ድባጤም ከባሕር እጅግ የራቀች ናት። ነገር ግን የባሕርም ሆነ የወንዝ ውሃ ቤትን የሚመታበት ሕግ አንድ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር ሰዎች በብዙ ሐዘን የተማሩትን እኛ ያለ ሐዘን ልንማረው እንችላለን ብለን አሰብን።

ጃፓኖች ይህን ማዕበል ሱናሚ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የወደብ ማዕበል ማለት ነው። ነፋስ የሚያነሣው ማዕበል የባሕሩን ፊት ብቻ ያናውጣል። ሱናሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ የባሕሩ ወለል በመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሣና ሲወድቅ የሚመጣ ስለሆነ፥ ከታች እስከ ላይ ያለውን ውሃ በሙሉ ይገፋል። 4,000 ሜትር ጥልቀት ባለው ባሕር ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በዚያም ስፍራ ከፍታው ትንሽ ስለሆነ መርከበኛ እንኳ ላያስተውለው ይችላል። ወደ ዳር በቀረበ ጊዜ ግን ፍጥነቱ ይቀንስና ከፍታው ይጨምራል። የአገራችን ሰው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ለእንዲህ ያለው ነገር የተነገረ ይመስላል።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ በሱማትራ ደሴት አጠገብ የተነሣው ማዕበል በብዙ አገሮች ከ220,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሰባት ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላም የሕንድን ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማሊያ ደረሰ። በዚያም 300 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳችው ሐፉን የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ነበረች። እንግዲህ ይህ ነገር ለአፍሪቃ ቀንድ እንግዳ አለመሆኑን ከዚህ ማወቅ ይቻላል።

ይህ የባሕር ዳር ሰዎች ጣጣ ነው የሚል ቢኖር፥ ወደ ገዛ አገራችን እንመለስ። የድሬዳዋን ከተማ ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፥ ይገበያይበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከላይ ከተራሮቹ በዘነበው ዝናብ ምክንያት ያ ደረቅ አሸዋ በድንገት የጎርፍ መንገድ ሆነ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤት አልባ ሆኑ። ውሃው የመጣው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው፤ እጅግም የተጎዱት በወንዙ ዳር በደካማ ቤቶች ውስጥ የነበሩ ናቸው። ይህ ሱናሚ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ለተኛው ሰውና ለጭቃው ግድግዳ ልዩነቱ ምንድን ነው?

አሁን ውሃ ቤትን እንዴት እንደሚጥል በአጭሩ እንናገር። በየአቅጣጫው አንድ ሜትር የሆነ ጋን ውሃ ቢሞላ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። በዚሁ በመተከል ዞን በጉባ የተሠራውና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ቁመቱ 145 ሜትር ነው፤ ግድቡ ከላይ ቀጠን ከታች ወፈር ብሎ የተሠራው ውሃ በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ስለሚበረታ ነው። ቆሞ ያለ ውሃ እንዲህ ከከበደ፥ የሚሮጥ ውሃማ ምን ሊሆን ነው? በፊዚክስ ክፍል እንደ ተማርነው የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚመታበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ውሃም ቤትን የሚያጠቃበት መንገድ አራት ነው። አንደኛ፥ ግድግዳውን ይገፋል። ሁለተኛ፥ ቀላል ቤት ከሆነ ከታች ወደ ላይ ያነሣዋል። ሦስተኛ፥ የመሠረቱን አፈር እየቦረቦረ ይወስዳል። አራተኛ፥ ተሸክሞ ያመጣውን ግንድ፥ በርሜልና ድንጋይ እንደ መዶሻ ይወረውራል። ብዙ ሰው የሚያስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ግን ሥራውን ከእግር በታች ስለሚሠራ ቶሎ አይታይም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ማሪያ ፓፓቶማና ዴል ዶሚኒ ሃውስ የተባሉ ተመራማሪዎች በግሪክ አገር፥ ሐዋርያው መልእክት በጻፈላት በቆሮንቶስ ስም በሚጠራው ባሕረ ሰላጤ ዳር ያሉትን ቤቶች የሚመረምሩበት ዘዴ አወጡ። ዘዴው ማዕበሉ ከመምጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ ቤት ጥያቄ እያቀረቡ ነጥብ መስጠት ነው። ከ1997ቱ ማዕበል በኋላም በማልዲቭ ደሴቶች በእውነት ከደረሰው ጉዳት ጋር አስተያይተው ፈተኑት። ጥያቄዎቹን እኛ እንደ ተረዳናቸው ከዚህ ቀጥለን እንዘረዝራለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግድግዳው ከምን ተሠራ? የሚል ነው። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በጃፓን በደረሰው ማዕበል ጊዜ፥ ውሃው ከሁለት ሜትር በላይ በደረሰበት ስፍራ ከእንጨት የተሠሩት ቤቶች አብዛኞቹ ተጠርገው ሲሄዱ፥ በብረትና በሲሚንቶ የተሠሩት አብዛኞቹ ቆመው ተገኙ።

ሁለተኛው፥ ቤቱ ፎቅ አለውን? የሚል ነው። ፎቅ ያለው ቤት ክብደት ስላለው በቀላሉ አይነሣም፤ ሰውም ወደ ላይ ወጥቶ ሊተርፍ ይችላል።

ሦስተኛው፥ ምድር ቤቱ ውሃ ያሳልፋልን? የሚል ነው። በሱማትራ በላምፑክ መንደር በዙሪያው ያሉት ቤቶች ሁሉ ሲጠፉ አንድ መስጊድ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ሕንፃው በጽኑ ምሰሶዎች ላይ የቆመና ብዙ ክፍት ስፍራ ያለው ስለ ነበር፥ ውሃው ሊታገለው ሳይሆን ሊያልፍበት ቻለ። ይህን ባነበብን ጊዜ የገዛ አካባቢያችን ጎተራ ትዝ አለን። ከመሬት ከፍ ብሎ በቋሚ ላይ የሚቀመጠው ከቀርከሃ የተሠራ ጎተራ እህሉን ከእርጥበትና ከምስጥ እንዲጠብቅ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ከሥሩ እንዲያልፍ የሚፈቅድ መሆኑም አንድ ጥበብ ነው። አባቶቻችን ለእህሉ ያሰቡለትን እኛ ለልጆቻችን መኝታ ብናስብ ምን ይከለክለናል?

አራተኛው፥ መሠረቱ ምን ያህል ጥልቅ ነው? የሚል ነው። በዚያው በጃፓን በኦናጋዋ ከተማ በሲሚንቶ የተሠሩ ጠንካራ ሕንፃዎች ሳይፈርሱ ተገልብጠው ተገኙ። ግድግዳቸው አልከዳቸውም፤ የከዳቸው ሥራቸው ነው።

አምስተኛው፥ የቤቱ ቅርጽና አቅጣጫ እንዴት ነው? የሚል ነው። ረጅሙን ጎኑን ለውሃው የሰጠ ቤት ብዙ ይመታል፤ ጠባቡን ጎኑን የሰጠ ግን ጥቂት ይመታል። ክብ ቤትም ውሃን በግራና በቀኝ ይከፍላል።

ስድስተኛው፥ ቤቱ እንዴት ተይዟል? የሚል ነው። የተሰነጠቀ፥ የዘመመና ያልታደሰ ቤት ከምንም ቢሠራ ደካማ ነው።

ሰባተኛው፥ ዙሪያው ምንድን ነው? የሚል ነው። በፊቱ ዛፍ፥ ግንብ ወይም ሌላ ቤት ያለው ይከለላል። በአጠገቡ የተከመረ ግንድ ወይም ጋሪ ያለበት ቤት ግን በውሃው ተሸካሚነት በገዛ ጎረቤቱ ንብረት ይመታል። በግንብ መታመንም ልክ አለው፤ በ2003ቱ ማዕበል ውሃው ጃፓኖች የሠሩአቸውን ብዙ የባሕር ግንቦች ከላያቸው ዘሎ አልፎአል።

ከእነዚህም በቀር ተመራማሪዎቹ በቤቱ ውስጥ ስለሚኖሩት ሰዎች ይጠይቃሉ። ስንት ናቸው? ሕፃናትና ሽማግሌዎች አሉን? ቀን ነው ወይስ ሌሊት የሚበዙት? ቤት ያለ ሰው ዕቃ ነውና ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

እንግዲህ እኛ በትምህርት ብቻ እንዳንቀር፥ ባለቤቶቹን አስፈቅደን በከተማችን በወራጅ ውሃ ዳር ያሉትን ጥቂት ቤቶች በእነዚህ ጥያቄዎች ለመመልከት ወጣን። የእኛ አገር ቤት እንደምታውቁት ጉሙዙም፥ ሺናሻውም፥ አማራውም፥ ኦሮሞውም፥ አገውም እንደየልማዱ የሚሠራው ሲሆን፥ አብዛኛው ከእንጨት ወይም ከቀርከሃና ከጭቃ ነው፤ ክዳኑም ሳር ወይም ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ብንፈርድ ሁሉም ደካማ ነው ብለን ወደ ቤታችን በተመለስን ነበር። ሁለተኛውም ጥያቄ ፎቅ ለሌለው መንደር ብዙ አያገለግልም። ጠለቅ ብለን ስንመለከት ግን ከጭቃ ቤትና ከጭቃ ቤት መካከል ትልቅ ልዩነት አገኘን።

አንደኛው ያገኘነው ነገር ይህ ነው። ከላይ ሲታይ ጤነኛ የሆነ የማዕዘን ቋሚ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ በምስጥና በእርጥበት ተበልቶ፥ በቢላዋ ጫፍ ሲነካ እንደ እንጀራ የሚገባ ሆኖ አገኘነው። ቤቱ የቆመው በቋሚው ኃይል አይደለም፤ እስከ ዛሬ የነካው ስለሌለ ነው።

ሁለተኛው፥ የክዳኑ ጠርዝ አጭር በሆነበት ቤት ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠፈጠፍ የግድግዳውን እግር ክረምት በክረምት እየበላ ቀጭን አድርጎታል። ጎርፍ የመጣ ቀን ሥራው በግማሽ ተፈጽሞ ይቆየዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው፥ በአንዳንድ ቤት ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ወራጁ ውሃ የሚከፈት ነው። ውሃ በመጣ ጊዜ ሰው የሚሸሸው በመጣበት በር ነውን?

አራተኛው ግን ያስደሰተን ነው። ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ በሲሚንቶ የተለሰነና በቀለም የተቀባ አዲስ ቤት ነው፤ ሁለተኛው የአንዲት አሮጊት እናት ያረጀ የጭቃ ቤት ነው። ከሩቅ ያየ ሰው አዲሱን ይመርጣል። ስንመረምረው ግን የአዲሱ ቤት ልስን ከድንጋይ መሠረት ላይ ሳይሆን ከባዶ አፈር ላይ የተነሣ ነው። የእናቲቱ ቤት ደግሞ እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ የተካበ ነው፤ በላይ በኩልም ውሃ የሚያስቀይስ ቦይ ተቆፍሮለታል። «እማማ፥ ይህን ቦይ ማን አስተማረዎ?» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ ውሃን መከልከል አይቻልም፤ መንገዱን ማሳየት ነው እንጂ» አሉን። በፊዚክስ መጽሐፋችን በብዙ ገጽ የተጻፈውን እርሳቸው በአንድ ቃል ነገሩን። በወንጌል ስለ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች የተነገረውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዝናቡ እስኪዘንብ ድረስ ሁለቱ ቤቶች ለዓይን አንድ ዓይነት ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ልዩነታቸውን አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ጎንበስ ብሎ እግራቸውን የተመለከተ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚህ የተነሣ አንድ ሐሳብ ደረሰልን። ተመራማሪዎቹ ለየጥያቄው ነጥብ ሰጥተው ይደምራሉ፤ ይህም ብዙ ሺህ ቤት ላለው ከተማ ከየት መጀመር እንደሚገባ ያሳያል። ለአንድ ቤተሰብ ግን ድምሩ ብቻ ሊያታልል ይችላል። በስድስቱ ጥያቄ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ቤት በሰባተኛው ቢወድቅ ስድስቱ አያቆሙትም። ሰንሰለት በደካማው ቀለበት እንደሚበጠስ ሁሉ ቤትም በደካማው በኩል ይወድቃል። ስለዚህ ለራሳችን ቤት ስንመረምር መጠየቅ ያለብን «ቤቴ ምን ያህል ጥሩ ነው?» ብለን ሳይሆን «ቤቴ ከየት በኩል ይወድቃል?» ብለን ነው። ይህም የተስፋ ቃል ነው፤ ቤቱን በሙሉ አፍርሶ ለመሥራት ገንዘብ የሌለው ሰው ደካማውን አንድ ነገር ለማደስ አቅም ሊያገኝ ይችላልና።

በዚህ ጊዜ ልንሸሽገው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ከጎበኘናቸው አባቶች አንዱን «አባባ፥ እዚህ ወንዝ ዳር ለምን ሠሩ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ወንዝ ዳር መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ሌላ ቦታ አጥቼ ነው» ብለው መለሱልን። ይህ ቃል ብዙ ቀን አላስተኛንም። እንግዲህ የውሃ ዳር ሰው የሚጎዳው ሁልጊዜ ባለማወቁ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በድህነቱ ነው። ስለዚህ ምርመራው ድኻውን ለመውቀስ የሚያገለግል ከሆነ ባይደረግ ይሻላል። ሊደረግ የሚገባው መሬት የሚሰጡት፥ ቦይ የሚያስቆፍሩትና ከተማ የሚያቅዱት ባለ ሥልጣኖች ከሁሉ አስቀድሞ ማንን መርዳት እንደሚገባቸው እንዲያውቁ ነው።

ምን እናድርግ? ለሚለው ጥያቄ ገንዘብ ከማይጠይቀው ጀምረን እንናገር።

በመጀመሪያ፥ የግንቦት ዝናብ ከመጽናቱ በፊት በየሰፈሩ የውሃ መሄጃ ቦዮች ይጠረጉ። በቆሻሻ የተደፈነ ቦይ ጎረቤትን የሚያጠፋ መሣሪያ ነው። ለዚህም የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች በቅዳሜ ቀን አካፋና ዶማ ይዘን ለመውጣት ዝግጁ መሆናችንን በዚህ ጉባኤ ፊት እንገልጻለን።

ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ የቤት አባወራና እማወራ የቤቱን የማዕዘን ቋሚዎች ከመሬት ጥቂት ቆፍሮ በቢላዋ ጫፍ ይሞክር። የተበላ ቋሚ ቢገኝ ይለወጥ። አዲሱም ቋሚ ከመተከሉ በፊት ሥሩ አናጢዎቻችን እንደሚያደርጉት በተቃጠለ ዘይት ይቀባ፤ በድንጋይም ላይ ይቁም።

ሦስተኛ፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ቀለሙንና ልስኑን ከማሰቡ በፊት የድንጋይ መሠረቱን ያስብ። በማዕዘኖቹ መካከል አግድም ማሰሪያ እንጨት ያብዛ፤ ክዳኑን ከግድግዳው አልፎ እንዲወጣ ያድርግ፤ ሁለተኛ በርም ወደ ከፍተኛው ስፍራ ያውጣ።

አራተኛ፥ ሌሊት ውሃ ቢመጣ ማን ደወል እንደሚመታ፥ ማን አቅመ ደካማ ጎረቤቱን እንደሚደግፍና ሁሉ ወዴት እንደሚሸሽ በየሰፈሩ አስቀድሞ ይነገር። የሚሮጥ ውሃ ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም ሰውን ይጥላልና፥ ዕቃ ለማውጣት ብሎ ወደ ኋላ መመለስ አይገባም። በድሬዳዋ ከዚያ ሌሊት በኋላ በደቻቱ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ መልካም ሥራም ነው። ነገር ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ከመከራ በኋላ ከሚሠራ ረጅም ግንብ ከመከራ በፊት የሚቆፈር አጭር ቦይ ብዙ ነፍስ ሊያድን ይችላል።

ክቡራን ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት ፈተናችንን አልፈን፥ የቀናን ወደ ከፍተኛ ትምህርት፥ ሌሎቻችንም ወደ ሥራ እንሄዳለን። ከመካከላችን መሐንዲስ የሚሆን ቢኖር፥ መጀመሪያ የመረመረው ሕንፃ የድባጤ የጭቃ ቤት እንደ ነበረ እንዲያስታውስ እርስ በርሳችን ተማምነናል። የቤቶቹን ዝርዝር፥ የባለቤቶቹን ስም ሳንጽፍ፥ በየሰፈሩ ለይተን በአንድ ደብተር አዘጋጅተናል። ደብተሩን ዛሬ ለትምህርት ቤታችን እናስረክባለን፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ተከታዮቻችን አዲስ ገጽ እንዲጨምሩበት አደራ እንላለን። የአንዱ ቤት ቋሚ ተለውጦ፥ የሌላው ቦይ ተጠርጎ የሚል ቃል በየገጹ ቢነበብ፥ ለትምህርት ቤታችን በዓል ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አናውቅም።

 ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፥ ለድባጤ ሕዝብም ሰላምና ጤና እንመኛለን።